ማዕበል የመታውን ግንብ ከእግሩ ጀምሮ መመርመር

ማዕበል ባለፈ ማግስት ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ይወጣና ላይ ላዩን ያያል። የተገነጠለ አጥር፣ የረገፈ መስታወት፣ መንገድ ላይ የተበተነ ጠጠር። ፎቶ ይነሳል፣ ይጠረጋል፣ የተላጠው ቦታ ልስን ይመታል። ግንቡ ቆሟል፤ ስለዚህ ተርፏል ይባላል።

ባሕር ግን ግንብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ፊቱን በጥፊ መትቶ አይደለም። ከእግሩ ስር አሸዋውን ይወስዳል። ከጀርባው የተሞላውን አፈርና ጠጠር፣ ሙሌቱን፣ ይጠባል። ከዚያ ግንቡ በራሱ ክብደት ይወድቃል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ላዩ ሰላም የሚመስል ግንብ፣ ውስጡን ለቄስ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ባሕር ዳር ቤት፣ የመከላከያ ግንብ ወይም የጀልባ መቆሚያ መድረክ ላላቸው ሰዎች ነው። መሐንዲስን አይተካም። መሐንዲሱ ሲመጣ ግን “እዚህ ጋ ትንሽ ተሰንጥቋል” ከማለት አልፋችሁ የሚረባ ነገር እንድታሳዩት ያደርጋል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ከማን ጋር እንደምትታገሉ እወቁ

አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአንድ ቶን በላይ ነው። የሞገዱ ከፍታ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የያዘው ጉልበት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ሞገዱን በድንጋይ ለመመከት ካሰባችሁ ሒሳቡ ይብሳል። ሞገዱ እጥፍ ከሆነ የድንጋዩ ክብደት ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። 1 ቶን ይበቃ የነበረበት ቦታ 8 ቶን ይጠይቃል።

በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ዊክ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። የሞገድ መስበሪያዋ ጫፍ የተሠራው ከኮንክሪትና ከድንጋይ ነበር። ሁለቱ በወፍራም ብረት አንድ ላይ ተጠፍረው 1,350 ቶን ይመዝኑ ነበር። በ1872 ማዕበል መጣ። ብረቱ አልተበጠሰም። ማዕበሉ ያን ሁሉ ክብደት እንደታሰረ ከቦታው አንሸራትቶ ጣለው። በ2,600 ቶን ተተካ። እሱንም በ1877 ሌላ ማዕበል ወሰደው። ማሰሪያው እንከን አልነበረውም። የከዳው የተቀመጠበት ነው።

ስለዚህ ምርመራችን ከታች ይጀምራል። ግን ከዚያ በፊት ሁለት ነገሮች አሉ።

ደረጃ 1፦ ለመውረድ አትቸኩሉ

ነፋሱ ቆመ ማለት ባሕሩ ተኛ ማለት አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ ከማዕበሉ በኋላም ይቀጥላል። ትንበያው “የ3 ሜትር ሞገድ” ካለ ደግሞ ቁጥሩን በትክክል አንብቡት። ሞገዶቹን በቁመት ብትደረድሯቸው፣ የረጃጅሞቹ ሲሶ አማካይ ነው 3 ሜትር። በዚያው ማዕበል ውስጥ 5 ሜትር ተኩል የሚደርስ ነጠላ ሞገድ ሊመጣ ይችላል። ይሄ ተአምር አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙና 20 ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። ትልልቆቹ ሞገዶች ብዙውን ጊዜ ተከታትለው በቡድን ይመጣሉ። ሰውን የሚያታልለው በመሃል ያለው ጸጥታ ነው።

ለመውረድ ጥሩው ሰዓት ባሕሩ የሚጎድልበት ነው። በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ሙላቱም ጉድለቱም ስለሚበረታ የግንቡ እግር ይበልጥ ይገለጣል። ሰዓቱን ከአካባቢው የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ እዩ። ውሃው ጨርሶ ከመጉደሉ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውረዱ፤ መመለስ ሲጀምር ውጡ። “ይቺን ብቻ ልጨርስ” የሚባል ነገር የለም።

ብቻችሁን አትሂዱ። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ለመብራት ኃይል ሠራተኞች ተዉት። ከግንቡ ጀርባ ባለው አስፋልት ላይ መኪና አታቁሙ፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ። ለሥራ የገባ ባለሙያም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። በዲሴምበር 2024 በካሊፎርኒያ የሳንታ ክሩዝ የእንጨት መድረክ ጫፉ ተደርምሶ ሦስት ሰዎች ባሕር ውስጥ ገብተዋል። ቦታው ቀድሞ በደረሰበት የማዕበል ጉዳት ለሕዝብ ተዘግቶ እየታደሰ ነበር። ደግነቱ ሦስቱም ተርፈዋል።

ደረጃ 2፦ ውሃው የደረሰበትን ምልክት ዝናብ ሳያጥበው ያዙ

ይሄ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ግን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል። ሁለት ዓይነት መስመር ፈልጉ። አንደኛው ውጭ ያለው ነው፦ የባሕር አረም፣ እንጨት፣ ፕላስቲክ ተደርድሮ የቀረበት። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ወይም የተዘጋ መጋዘን ግድግዳ ላይ ያለ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ነው። የውስጡ መስመር ባሕሩ ራሱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይነግራችኋል። የውጭው ከዚያ ላይ ሞገዱ እየሮጠ የት እንደወጣ። ሁለቱ ሲለያዩ ሞገዱ የጨመረውን ታያላችሁ።

ባሕሩ ከፍ የሚለው ነፋስ ውሃውን ወደ የብስ ስለሚገፋው ነው። የአየር ግፊቱ መውረድም ያግዛል። ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ ባሕሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳል። ከተለመደው 1,013 ወደ 963 ቢወርድ ገና ነፋሱ ሳይቆጠር ግማሽ ሜትር ተነስቷል ማለት ነው። መስመሮቹን በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት።

ደረጃ 3፦ እግሩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሜትር፣ ጠመኔና ድጅኖ ያዙ። ድጅኖ ከሌለ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ የፌሮ ብረት ይበቃል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ፕላስተር ጠቅልሉበት።

መጀመሪያ ከግንቡ አናት እስከ አሸዋው ያለውን ቁመት በየ5 ሜትሩ ለኩ። የለካችሁበትን ነጥብ ግንቡ ላይ በቁጥር ጻፉ። ሌላ ጊዜ የምትለኩት እዚያው ነጥብ ላይ ነው። ካለፈው ዓመት ልኬት ካላችሁ እድለኛ ናችሁ። ከሌላችሁ ግንቡ ራሱ መዝግቦላችኋል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ላይኛው ክፍል በአረንጓዴ አልጌና በተጣበቁ ትንንሽ ዛጎሎች ተሸፍኗል። ወደ ታች ስትወርዱ በድንገት ንጹሕ፣ ነጣ ያለ፣ ምንም ያልበቀለበት ቀበቶ ታገኛላችሁ። ያ ቀበቶ እስከ ትናንት በአሸዋ ተቀብሮ የነበረ ነው። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ሄዷል።

ቀበቶው ባይታይም ግን አትዝናኑ። ማዕበሉ በበረታበት ሰዓት የተቆፈረው ጉድጓድ፣ ባሕሩ ሲረጋ በልል አሸዋ መልሶ ይሞላል። በማግስቱ ስታዩት ሜዳ ነው። ሥራው የድጅኖው ነው። ከግንቡ አንድ ክንድ ራቅ ብላችሁ አቁሙትና በሁለት እጅ ግፉት። ያልተነካ መሬት ይመልሳችኋል፤ ትንሽ ገብቶ ቀጥ ይላል። የተቆፈረና የተሞላ ቦታ ላይ ግን ዱቄት ውስጥ እንደገባ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ከዚያ የሆነ ጥልቀት ላይ ድንገት ይቆማል። ያቺ የቆመባት ቦታ የጉድጓዱ ወለል ናት። ፕላስተሮቹን ቁጠሩና መዝግቡ። ከዚያ 5 ሜትር ሂዱና ድገሙት።

መሐንዲሶች በልምድ የሚይዙት አንድ ግምት አለ። ቀጥ ያለ ግንብ ፊት የሚቆፈረው ጉድጓድ፣ እዚያ የደረሰውን ሞገድ ቁመት ያህል ሊጠልቅ ይችላል። የ2 ሜትር ሞገድ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ጉድጓድ ማለት ነው። የግንባችሁ መሠረት ከአሸዋው በታች የገባው 1 ሜትር ብቻ ከሆነ ነገሩ ገብቷችኋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሞገድ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከተወሰነ በላይ መቆም አይችልም። ቁመቱ ከውሃው ጥልቀት 0.78 እጅ ገደማ ሲደርስ ይሰበራል። አሸዋው ከፍ ብሎ የተኛበት ባሕር ዳር ላይ ትልልቁ ሞገድ ግንቡ ሳይደርስ ሜዳ ላይ የሚፈርሰው ለዚህ ነው። አሁን አሸዋው በ1 ሜትር ወረደ እንበል። በሚቀጥለው ማዕበል 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የረዘመ ሞገድ ሳይሰበር ግንቡ ድረስ ይመጣል። ያ ደግሞ የበለጠ ይቆፍራል። ባሕሩ ለራሱ መንገድ እየጠረገ ነው።

ድጅኖው በጎን በኩል ከግንቡ መሠረት ስር ካለፈ ምርመራው እዚያ ላይ ያበቃል። ግንቡ በከፊል አየር ላይ ነው። ከፊቱም ከጀርባውም ሰው እንዳይቆም ገመድ ጎትቱና መሐንዲስ ጥሩ።

ደረጃ 4፦ ጀርባው

በ1953 ጃንዋሪ መጨረሻ የሰሜን ባሕር ማዕበል ኔዘርላንድስ ውስጥ 1,836 ሰው ገደለ። ከተሰበሩት የአፈር ግድቦች ብዙዎቹ ከባሕሩ በኩል ተመትተው አልነበረም የወደቁት። ውሃው በአናታቸው ዘሎ በጀርባቸው ሲወርድ ያንን ጎን እየሸረሸረ በላው። ማንም ያልተዘጋጀበት ጎን ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ በዶሊሽ ከተማ በፌብሩዋሪ 2014 ማዕበል የባሕሩን ግንብ ሲሰብር፣ ከጀርባው ያለው ሙሌት ተጠርጎ የባቡር ሐዲዱ እንዳለ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መስመሩ እንደገና የተከፈተው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ከግንቡ ጀርባ ያለውን ወለል በእግር ከመሄዳችሁ በፊት በዓይን ሂዱበት። የሰጠመ ንጣፍ፣ ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ፣ በወለሉና በግንቡ መካከል የተከፈተ ክፍተት፣ ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚያቁርበት አዲስ ጎድጓዳ ቦታ። አንዱን ካያችሁ ስሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። አትርገጡት።

ደህና የመሰለውን ወለል በመዶሻ አንኳኩ። ከጠንካራው ጫፍ ጀምሩ፤ ተንበርክካችሁ በየግማሽ ሜትሩ እየመታችሁ ወደ ግንቡ ተጠጉ። ስሩ የሞላ ኮንክሪት አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም። ድምፁ የተቀየረበት ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረጋችሁ ከሌላ አቅጣጫ ኑ። ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ የጉድጓዱን ካርታ ሠራችሁ ማለት ነው። ያ ካርታ ለመሐንዲሱ ከመቶ ፎቶ ይበልጥበታል።

ሙሌቱ በየት ወጣ? ባሕሩ ሲጎድል ፊት ለፊት ውረዱና መጋጠሚያዎቹን እዩ። ከስንጥቁ ውሃ እየወረደ ከሆነ መዳፋችሁን ዘርጉለት። ከዚያ በጣታችሁ አሹት። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ግንቡ እየተነፈሰ ነው፤ ጥሩ ነው። ጣታችሁ መሃል የሚቆረቁር አሸዋ ወይም ቡናማ ደለል ከቀረ ግን ሙሌታችሁ እየፈሰሰ ነው። በየቀኑ፣ ያለ ምንም ማዕበል።

ግንቡ ላይ በሥርዓት የተተዉት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎችም መንጠባጠብ አለባቸው። ጀርባው ረጥቦ ቀዳዳው ደረቅ ከሆነ ተደፍኗል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ባሕሩ በፍጥነት ሲጎድል በጀርባ የቀረው ውሃ ግንቡን ወደ ባሕሩ ይገፋዋል። በዚያ ሰዓት ከፊት የሚደግፈው ውሃም የለም። ስለዚህ ቱንቢ ጣሉና ዘመሙን እዩ። ወደ የብስ ያዘመመ ግንብ ሞገድ የገፋው ነው። ወደ ባሕር ያዘመመውን ደግሞ ከጀርባ የታመቀው አፈርና ውሃ ገፍቶታል፤ ብዙ ጊዜ እግሩም ተበልቷል። አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን ግን ደጋግማችሁ ታያላችሁ።

ደረጃ 5፦ ፊቱ

እዚህ ብዙ አንቆይም። ስንጥቅ ሁሉ አዲስ አይደለም። ጠርዙ የሾለና ውስጡ ንጹሕ ከሆነ የአሁን ነው፤ ውስጡ አልጌ ካበቀለ የቆየ ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በቀለም ምልክት አድርጉ። ስንጥቁን አቋርጦ ስስ መስታወት በኤፖክሲ፣ ደርቆ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ለጥፉ። መስታወቱ ከተሰበረ ግንቡ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

የዝገት እንባ የሚወርድበትን ቦታ መዝግቡ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ፌሮው ሲዝግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በጣም የሚጎዳው ደግሞ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለው አይደለም። ሞገድ እየረጨው እርጥብ ደረቅ የሚለው ክፍል ነው፤ ጨውና ኦክስጅን አብረው የሚያገኙት እዚያ ነው።

ደረጃ 6፦ የድንጋይ ክምር ካላችሁ

ፊት ለፊት የተከመሩት ትልልቅ ድንጋዮች በቦታቸው መሆናቸውን ከአንድ ቋሚ ነጥብ በተነሳ ፎቶ አረጋግጡ። አንድ ድንጋይ መጥፋቱ ብቻውን አያስጨንቅም። በጠፋው ቦታ ከስር ያለው ደቃቅ ጠጠር ከታየ ግን ያስጨንቃል፤ ድንጋዮቹ የሠሩት ትጥቅ ተቀዷል። በጥንቃቄ ገፋ ስታደርጉት የሚወዛወዝ ድንጋይም ይቆጠራል፤ የሚወዛወዝ ነገር ይሰበራል። በፖርቱጋል ሲነስ ወደብ በፌብሩዋሪ 1978 የሆነውን አስቡ። መስበሪያውን የሸፈኑት ዶሎስ የሚባሉ ባለ 42 ቶን የኮንክሪት ቅርጾች ነበሩ። ሥራው ሳያልቅ ማዕበል መጣና አብዛኞቹን ሰባበረ።

ደረጃ 7፦ በምሰሶ ላይ የቆመ መድረክ

የመድረክ ጠላት ከጎን የሚመጣው ሞገድ ብቻ አይደለም፤ ከስር የሚነሳውም ነው። መድረክ የሚሠራው ወደ ታች ጭነት እንዲሸከም ነው፤ ሞገድ ግን ወደ ላይ ይፈነቅለዋል። ከስሩ አየር ከታፈነበት ደግሞ እንደ ጀልባ ሊንሳፈፍ ይሞክራል። በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ በኒው ኦርሊንስ አጠገብ በፖንቻርትሬን ሐይቅ ላይ ያለፈው ድልድይ ከባባድ የኮንክሪት ወለሎቹ ከምሰሶዎቻቸው ተነስተው ተንሸራተዋል፤ አንዳንዶቹም ውሃ ውስጥ ወድቀዋል። ምሰሶዎቹ በአብዛኛው ቆመው ነበር።

ስለዚህ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እዩ። የላላ ዳዶ፣ ሞላላ የሆነ ቀዳዳ፣ የተጣመመ ብሎን፣ ከመቀመጫው በሁለት ጣት የተንፏቀቀ አግዳሚ። የእንጨት ምሰሶ ከሆነ ሰፊ ካቻቢቴ ያዙና በውሃው ልክ አካባቢ ወጉት። እንጨት የሚበላ የባሕር ትል አለ። ከውጭ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተውና ውስጡን እንደ ማር እንጀራ ያደርገዋል። ካቻቢቴው ያለ ጉልበት ከገባ ያንን ምሰሶ አትቁጠሩት።

ደረጃ 8፦ ጊዜያዊ ጥገና፣ ሳያባብሱ

ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ ሜትር ወይም ድጅኖው ይታይ፤ ያለ መለኪያ የተነሳ ስንጥቅ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ይህን ጨርሳችሁ ወደ ጥገና ስትገቡ፣ ሦስት ስህተቶች ደጋግመው ይሠራሉ።

አንደኛው ከጀርባ የተከፈተውን ጉድጓድ ወዲያው በኮንክሪት መድፈን ነው። መውጫው ሳይዘጋ ከላይ መሙላት ቀዳዳ ጆንያ እንደመሙላት ነው። መጀመሪያ አሸዋው የወጣበትን መጋጠሚያ፣ ውሃ በሚያሳልፍና አፈር በማያሳልፍ የጂኦቴክስታይል ጨርቅ ያዙት። ከዚያ ደረጃውን የጠበቀ ጠጠር ሙሉበት።

ሁለተኛው የውሃ ማስወጫዎቹን “ባሕር እንዳይገባ” ብሎ መድፈን ነው። ምክንያቱን አይታችኋል።

ሦስተኛው የተገኘውን ድንጋይና ፍርስራሽ እግሩ ላይ መጣል ነው። ትንሽ ፍርስራሽ ለሚቀጥለው ማዕበል ጥይት ነው፤ አንስቶ በግንቡ ላይ ይወረውረዋል። ትልቅ ድንጋይም በቀጥታ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ይሰምጣል፤ አሸዋው በመሃሉ እየወጣ ያመልጣል። ከስር ጨርቅ ወይም ከደቃቅ ወደ ሻካራ የተደራረበ ጠጠር ያስፈልገዋል። የዶሊሽ መሐንዲሶች ለጊዜው ያደረጉት ብልህነት ነው፤ የጭነት ኮንቴይነሮችን በድንጋይ ሞልተው ከተሰበረው ቦታ ፊት ደረደሩና ከኋላ ሠሩ። እኛ ኮንቴይነር ባይኖረንም የአሸዋ ከረጢት ይኖረናል። ከረጢቱን ከግማሽ ትንሽ ብቻ አሳልፉና ሙሉት። ጢም ብሎ የሞላ ከረጢት እንደ ድንች ይቆለላል፤ በመሃሉ ውሃ ይገባል። ጎደል ያለው ግን ተኝቶ ይያያዛል። እንደ ጡብ መጋጠሚያውን አቀያይራችሁ ደርድሩ። ከረጢት የቀናት መፍትሔ ነው፤ ፀሐይና ጨው ቶሎ ይበሉታል።

ሲጨርሱ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ነጥብ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከአናት እስከ አሸዋ፣ ድጅኖው የገባበት ጥልቀት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨረቃዋ ተመልሳ ባሕሩ በደንብ ሲጎድል እነዚያኑ ነጥቦች እንደገና ለኩ። አሸዋው እየተመለሰ ከሆነ ባሕር ዳሩ እያገገመ ነው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ከጨመረ፣ የሚቀጥለው ማዕበል ሳይመጣ መሐንዲሱን በዚያ ሳምንት ጥሩት፤ ወረቀቱንም በእጁ ስጡት።